«በየትኛው ፓስፖርት ነው የምትሄዱት?»
የዜግነት ጥያቄ በጅቡቲ በምንኖር ኢትዮጵያውያን ዘንድ



ለዚህ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ስንጠየቅ፣ ስለ ወደቡና ስለ ባቡሩ ብዙዎች እንደሚጽፉ ስለገመትን እኛ በየቤታችን መሳቢያ ውስጥ ስለሚቀመጠው ነገር፣ ስለ ፓስፖርት ልንጽፍ ወደድን። እንደሚታወቀው በማኅበራችን ውስጥ አባት በአንድ አገር ወረቀት፣ እናት በሌላ፣ ልጆች ደግሞ በሁለቱም የሚኖሩባቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። እነዚህ ቤተሰቦች ሻንጣቸውን ይዘው አምቡሊ አየር ማረፊያ፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ወይም ወደብ ላይ ሲደርሱ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቁት በየትኛው ፓስፖርት እንደሚሄዱ ነው። በሱቅ ሥራ ብዙ ዘመን ስለቆየን፣ ዘይትና በርበሬ ሊገዛ የመጣው ደንበኛ ሁሉ ፎርም ሲያስሞላን፣ ደብዳቤ ሲያስነብበን፣ ፎቶ ኮፒ ሲያስቀምጥብን ኖሯል። የሕግ ትምህርት የለንም። ነገር ግን ይህን ጥያቄ ከብዙ አፍ ሰምተነዋል፤ ከየት እንደመጣም ለማወቅ ጥረት አድርገናል።

ከፓስፖርቱ በፊት ባቡሩ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የባቡሩን ሥራ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቀዱ፤ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1909 ዓ.ም. ደረሰ። (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ «ለገሃር» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ጣቢያ ማለት ከሆነው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ልጆቻችን ፈረንሳይኛውን ከእኛ በተሻለ ያውቁታልና ሳይነግሯችሁ ንገሯቸው።) ሐዲዱን ተከትሎ ሠራተኛው፣ ነጋዴው፣ ምግብ አብሳዩ፣ አስተርጓሚው ወደዚህ ከተማ ወረደ። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ የተጻፈ የዜግነት ሕግ አልነበራትም። ሰው የማን ልጅ እንደሆነና ከየት አገር እንደመጣ ከተናገረ፣ የሚያውቀው ምስክር ካገኘ፣ ያ ይበቃው ነበር።

የመጀመሪያው የዜግነት ሕግ የወጣው ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ ሊጭኑ ሦስት ወር ሲቀራቸው ነው። ሕጉ አጭር ነው። ከኢትዮጵያዊ አባት ወይም ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ ሰው፣ በአገር ውስጥም ይወለድ በውጭ፣ ኢትዮጵያዊ ነው ይላል። እናትን ከአባት እኩል መቁጠሩ ለዘመኑ የሚያስመሰግን ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ዜግነትን የሚቆጥሩት በአባት ነበር። ቀጥሎ ግን የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን እንደሚያጣ ደነገገ። በመጨረሻም በር አልዘጋም፤ ትውልዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው ወደ አገሩ ተመልሶ ሊኖር ከመጣና ለመንግሥት ካመለከተ ዜግነቱን መልሶ ማግኘት ይችላል። ልብ ብለን ካየነው ዛሬ የምንከራከርባቸው ሦስቱም ነገሮች፣ በእናት መውረሱ፣ ሌላ ሲወስዱ ማጣቱ፣ ሲመለሱ ማግኘቱ፣ ያን ጊዜውኑ ተጽፈው ነበር።

ሕጉ ከወጣ ስድስት ዓመት ሳይሞላው ጠላት ገባ። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው እዚሁ ጅቡቲ ደረሱ፤ ሚያዝያ 26 ቀን «ኢንተርፕራይዝ» በተባለው የእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው ወደ ሃይፋ ሄዱ። በማግስቱ ሚያዝያ 27 ጣሊያኖች አዲስ አበባ ገቡ። ከዚያም ግንቦት 24 ቀን፣ ጃንሆይ ባቡር በተሳፈሩ ልክ በወሩ፣ የጣሊያን መንግሥት ኢትዮጵያን፣ ኤርትራንና የጣሊያን ሶማሊያን አንድ ላይ ጨፍልቆ «የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ሕግ አወጣ፤ የአገሬውም ሰው በጣሊያን መዝገብ ተገዢ ተባለ። ዜጋ እንኳ አላለውም፤ ተገዢ ነው ያለው።

ይህ ነገር ለአዲስ አበባው ሰው የጠመንጃ ጉዳይ ነበር። ጅቡቲ ላይ ለነበረው ስደተኛ ግን የወረቀትም ጉዳይ ሆነ። የኢትዮጵያን መንግሥት ማኅተም የያዘ ሰው ማኅተሙን የሚያውቅለት መንግሥት ፈለገ። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1938 አምባሳደሯን ወደ ሮም ስትልክ የሹመት ደብዳቤውን «ለጣሊያን ንጉሥና ለኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ብላ አድርሳዋለች፤ ድርጊቱም ወረራውን እንደ መቀበል ተቆጠረ። እንግዲህ የዚያን ጊዜ አባቶቻችን በአንዱ መዝገብ ኢትዮጵያዊ፣ በሌላው የጣሊያን ተገዢ ነበሩ ማለት ነው። ሁለት ዜግነት ሳይፈልጉት የተጫነባቸው የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው ብንል የተጋነነ አይመስለንም። ዛሬ አንዳንድ ሰዎች ጥምር ዜግነት በቅርቡ ከአሜሪካ የመጣ ወግ አድርገው ሲናገሩ ስንሰማ ይህን እናስታውሳቸዋለን።

ከነጻነት በኋላ ያለውን ዘመን በአጭሩ እናልፈዋለን፤ አንድ ነገር ግን መዘለል የለበትም። በ1922ቱ ሕግ የውጭ አገር ሰው ያገባች ኢትዮጵያዊት፣ ጋብቻው የባሏን ዜግነት የሚሰጣት ከሆነ የራሷን ታጣለች። የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ ለረጅም ዘመን ለሚስት የባሏን ዜግነት ይሰጥ ነበር። በዚህ ከተማ ከባቡር ኩባንያው ሰው፣ ከወታደሩ፣ ከነጋዴው ጋር ትዳር የመሠረቱ እናቶችና አክስቶች ነበሩን። ብዙዎቹ ዜግነታቸው እንደተቀየረ ያወቁት ወላጅ ሞቶባቸው፣ ለለቅሶ ወደ ድሬዳዋ ለመሄድ ትኬት ሲቆርጡ ነው። ይህ አንቀጽ ዛሬ የለም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 33፣ ማንም ኢትዮጵያዊ ከፈቃዱ ውጭ ዜግነቱን እንደማይገፈፍ፣ ከውጭ ዜጋ ጋር የሚፈጸም ጋብቻም ዜግነትን እንደማያስቀር በግልጽ አስቀምጧል።

ጅቡቲም በበኩሏ የራሷ የወረቀት ዘመን ነበራት። ጄኔራል ደጎል በነሐሴ 1958 ዓ.ም. ሲመጡ ሕዝቡ ነጻነት ጠየቃቸው፤ ረብሻም ሆነ። መጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፤ ከፈረንሳይ ጋር መቆየት አሸነፈ ተባለ። በእነዚያ ዓመታት ከተማዋ በሽቦ አጥር ተከበበች፤ የአገሩ ተወላጅ መሆኑን በወረቀት ማሳየት ያልቻለ ሰው፣ በተለይ ሶማሌው ወንድማችን፣ ተባረረ። ሰኔ 20 ቀን 1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነጻ ወጣች። በዚያው ወር የባቡሩ መሥመር በጦርነቱ ምክንያት ተቆረጠ፤ ከኢትዮጵያ በኩል ደግሞ ከኦጋዴን ጦርነትና ከቀይ ሽብር የሸሸ ሰው በእግሩ መጣ። አሊ ሳቢሕና ዲክሒል የስደተኛ ካምፕ ሆኑ። ስደተኛው ሦስተኛ ዓይነት ወረቀት ያዘ፤ ወደ ተነሣበት የማይመልስ፣ እዚህም የማያስቀምጥ። ከእነሱ መካከል ዕድል የቀናቸው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳና ወደ አውሮፓ ሄዱ። ዛሬ በየክረምቱ ከነልጆቻቸው በውጭ ፓስፖርት የሚመጡት ዘመዶቻችን ብዙዎቹ በዚያች የስደተኛ ወረቀት ያለፉ ናቸው።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ጉዳይ እንመጣለን። ኤርትራ በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ስታደርግ፣ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ተመዝግበው ድምፅ ሰጡ። ኢትዮጵያዊ ፓስፖርታቸውን ግን ማንም አልቀማቸውም፤ ሥራቸውን እየሠሩ፣ በኢትዮጵያ ወረቀት እየተጓዙ አምስት ዓመት ኖሩ። በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ያ ምዝገባ ኤርትራዊ የመሆን ማስረጃ ተደርጎ ተያዘባቸው፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችም ተባረሩ። ሄግ ላይ የተቀመጠው የኢትዮጵያና የኤርትራ የካሳ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 በሰጠው ውሳኔ፣ ተመዝግበው የነበሩት ሰዎች በዚያን ወቅት የሁለቱም አገሮች ዜጎች እንደነበሩ ተቀብሏል። ከዚያም ኢትዮጵያ በጦርነት ጊዜ በደኅንነት ምርመራ ለይታ ያስወጣቻቸውን በሚመለከት ሕግ አልጣሰችም ሲል፣ ያለ ምርመራ በጅምላ ዜግነታቸውን የተነጠቁትን በሚመለከት ግን ሕግ ጥሳለች አለ። ሁለት ዜግነት በሰላም ጊዜ ማንም የማይጠይቅህ፣ በጦርነት ጊዜ ግን የምትጠየቅበት ነገር መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ታሪክ አናውቅም። በማኅበራችን ውስጥም ይህ ቁስል ያለባቸው ቤተሰቦች ስላሉ ከዚህ በላይ አናብራራውም። የአሰብ በር ተዘግቶ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ሲዞር የብዙዎቻችን ንግድ የቀናውም በዚያው ጦርነት ምክንያት መሆኑን ግን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለት አዋጆች ተከታትለው ወጡ። የመጀመሪያው አዋጅ ቁጥር 270/1994 ነው። የውጭ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ልጁ፣ የልጅ ልጁና የልጅ ልጁ ልጅ ጭምር፣ በተለምዶ «ቢጫ ካርድ» የምንለውን መታወቂያ አውጥቶ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራ፣ ቤት እንዲኖረው፣ እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት እንዲቆጠር ይፈቅዳል። መምረጥና መመረጥ ግን አይችልም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። የኢትዮጵያ ዜግነቱን ትቶ ኤርትራዊ የሆነ ሰውም ከዚህ አዋጅ ውጭ ተደርጓል። ሁለተኛው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ሲሆን፣ ታኅሣሥ 13 ቀን 1996 ዓ.ም. ወጥቶ የ1922ቱን ሕግ ተካ። በፈቃዱ ሌላ ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል የሚለውን የቆየ መሠረት ይህም ይዞ ቀጥሏል።

በእኛ አስተያየት ቢጫ ካርዱ ቀናው መንገድ ነው። የውጭ ዜግነት ወስዶ የድሮውን የኢትዮጵያ ፓስፖርት በኪስ ይዞ መዞር ኬላ ላይ አንድ ቀን ያሳልፍ ይሆናል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ግን ያስይዛል። በካርዱና በዜግነት መካከል ያለው ልዩነት ቅር የሚያሰኛቸው ሰዎች መኖራቸውን እናውቃለን፤ ቅሬታቸውም ተገቢ ነው። ለአገሩ ገንዘብ የሚልክ ሰው ድምፅ መስጠትም ቢያምረው አይፈረድበትም።

እስካሁን የሕጉን ነገር አወራን። ትኬት ቆራጩ ፊት የሚያስቸግረን ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሕጉ ይልቅ ስማችን ነው። የእኛ ሰው ስም ከአባቱ ስም ከአያቱ ስም ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። የፈረንሳይኛው ፎርም ደግሞ «ኖም» እና «ፕሬኖም» ብሎ ሁለት ሣጥን ብቻ ይሰጣል። አበበ ከበደ የሚባል ሰው ቢኖር በአንዱ ወረቀት ከበደ የቤተሰብ ስሙ ይሆናል፤ በሌላው ወረቀት የአያቱ ስም። ልጁ ፈረንሳይ ቢወለድ ከበደ ተብሎ ይመዘገባል፤ በኢትዮጵያ ፓስፖርቱ ግን የልጁ አባት አበበ ነው። አንድ ልጅ የሁለት ሰው ልጅ መስሎ ይታያል። እናትማ የባሰ ነው። በእኛ ባህል ሴት ስትጋባ ስሟ አይቀየርም፤ በውጭው ወረቀት ግን በባሏ ስም ትጻፋለች። በዚያ ላይ የፊደሉ ችግር አለ። «ሸ»ን እንግሊዝኛው በኤስ እና በኤች ሲጽፈው ፈረንሳይኛው በሴ እና በአሽ ይጽፈዋል፤ «ች» ላይ ደግሞ ቴ ይጨምርበታል። አዲስ አበባ የወጣ ፓስፖርትና ጅቡቲ የወጣ መታወቂያ የአንዱን ተሾመ ስም በሁለት መልክ ይዘው ይገኛሉ።

የልደት ቀኑም እንዲሁ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1962 የተወለደ ሰው በፈረንጁ 1969 ወይም 1970 ነው የሚሆነው። ቀበሌ የሰጠውን ወረቀት ሳይመነዝር 1962 ብሎ የገለበጠ ጸሐፊ፣ ሰውየውን በአንድ ብዕር ሰባት ስምንት ዓመት ያስረጀዋል። አንድ ደንበኛችን በአንዱ ወረቀቱ ጡረታ የደረሰ፣ በሌላው ገና ሥራ ላይ ያለ ሆኖ ዓመታት ኖሯል። እኛ እንስቅበት ነበር፤ እሱ ግን ወደ ልጁ ሠርግ ሊሄድ ሲል መንገዱ እስኪቃና ሁለት ወር ፈጅቶበታል።

ትኬት ቆራጩም ክፋት ኖሮበት አይደለም የሚጠይቀው። መግቢያ የሌለውን መንገደኛ ጭኖ የሄደ ኩባንያ በብዙ አገሮች ይቀጣል፤ መንገደኛውንም በራሱ ወጪ ይመልሳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ያያል፤ ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከፓስፖርቱ ጋር መግጠሙን፣ የምትሄድበት አገር በዚያ ፓስፖርት የሚያስገባህ መሆኑን፣ ፓስፖርቱ ጊዜው አለማለፉን። ከዚህ አገር መውጣትህን የሚያየው የድንበር ፖሊስ ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ የሚፈልገው የገባህበትን ማኅተም ነው። ሁለቱን ሰዎች አንድ አድርገው የሚያስቡ መንገደኞቻችን ለአንዱ አንድ ፓስፖርት፣ ለሌላው ሌላ አሳይተው ሲደናገሩ ይታያሉ።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመርከብ ሽርሽር የሚባለው ነገር ወደ እኛም ቤተሰቦች ደርሷል። ማርሴይ ወይም ጄኖዋ ያለ ልጅ እናትና አባቱን በሜዲትራኒያን ላይ ለሳምንት ሊያዞር ቦታ ይይዛል። በአውሮፕላን የምትሄደው ወደ አንድ አገር ነው፤ መርከቧ ግን በየቀኑ ሌላ ወደብ ትደርሳለች። የመንገደኞቹ ዝርዝር ቀድሞ ለየወደቡ ስለሚላክ፣ ቦታ ሲያዝ የተጻፈው የፓስፖርት ቁጥር እስከ መጨረሻው አብሮ ይሄዳል፤ መንገድ ላይ «ሌላም አለኝ» ማለት አይጠቅምም። ልጁ በፈረንሳይ ፓስፖርት ሲሳፈር እናቱ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትሳፈር ከሆነ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋታል። መርከቧ ቱኒስ ደርሳ ወደ አውሮፓ የምትመለስ ከሆነ ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ አይበቃም፤ ቱኒስ ላይ ስትደርስ ከሸንገን ወጥታለችና። ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ማየት ያስፈልጋል። ይህን የምንለው አንዲት እናት ልጇ ከፍሎላት ወደብ ድረስ ሄዳ መርከቧን ከዳር ሆና እንደሸኘች ስለምናውቅ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ወላጆች እንዲያነቡልን የምንፈልገው ስለ ልጆች የተጻፈውን ነው። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 አንቀጽ 20 መሠረት፣ ወላጁ የውጭ ዜጋ በመሆኑ ወይም ራሱ በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ልጅ፣ ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ አንድ ዓመት ይሰጠዋል። በዚያ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ የኢትዮጵያን መምረጡን ካላስታወቀ፣ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። ዝም ማለቱ እንደ ፊርማ ይወሰድበታል ማለት ነው። በዚህ ከተማ አባታቸው ጅቡቲያዊ ወይም ፈረንሳዊ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት የሆኑ ስንት ልጆች ይህ ዓመት ፈተና ሲያጠኑ፣ ኳስ ሲጫወቱ እንዳለፋቸው የሚያውቀው የየቤቱ ሰው ነው። የትኛውን ይምረጥ የሚለው የልጁና የቤተሰቡ ጉዳይ ነው፤ እኛ አንገባበትም። ሳያውቅ እንዳያልፈው ግን ማኅበራችን ሊነግረው ይገባል።

አንድ ስጋት እናንሣ። እናትም አባትም ኢትዮጵያውያን ሆነው ልጃቸው ጅቡቲ ስለተወለደ ብቻ ጅቡቲያዊ የሚሆን የሚመስላቸው ወላጆች አሉ። በጅቡቲ ሕግ ዜግነት በዋናነት የሚመጣው በወላጅ ነው፤ በከተማዋ ሆስፒታል መወለድ ብቻውን ዜጋ አያደርግም። ስለዚህ የእነዚህ ልጆች ሥራ ሌላ ነው፤ የልደት ምስክር ወረቀታቸውን በጊዜው አውጥቶ፣ ስማቸው በወላጆቻቸው ፓስፖርት እንዳለው መጻፉን አይቶ፣ ለኤምባሲው ቆንስላ ክፍል ማቅረብ ነው። ያ ካልተደረገ ሁለት ዜግነት ቀርቶ አንዱን ማስመስከር ያቅታቸዋል።

ሁለት ወረቀት ላለው ልጅ ግን ቆጠራው ከአሥራ ስምንተኛ ልደቱ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ2008 የተወለደ ልጅ በ2026 አሥራ ስምንት ይሞላዋል፤ እስከ 2027 የልደት ቀኑ ድረስ ጊዜ አለው። ቀኑ የሚቆጠረው በልደት ወረቀቱ ላይ በተጻፈው ነውና፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ መጀመሪያ እሱን አይታችሁ አረጋግጡ።